ከሱሉልታ እስከ አቃቂ፦ የመልክዓ ምድር ፎቶ ሲቆረጥና ብርሃኑ ሲመዘን
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከተነሱ የመልክዓ ምድር ፎቶዎች የመጡ ናቸው። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። የመሣሪያዎቹን ስም የጻፍነው ላይትሩም በተባለው የስልክ ፎቶ ማረሚያ መተግበሪያ እንደሚጠሩት ነው፤ በስናፕሲድ ወይም በሌላ መተግበሪያ የምትሠሩ ስሙ ቢለያይም ሥራውን ታገኙታላችሁ። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው። ፎቶው ከጠየቀ እለፏቸው፤ ለምን እንዳለፋችሁ ግን እወቁት።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ መስከረም ላይ ሜዳው በአደይ አበባ ተሸፍኖ አንስቼዋለሁ። ከፊት አበባ፣ መሃል ላይ ከብቶች፣ ከኋላ ተራራ፣ ከላይ ደመና አለ። ሁሉንም በየተራ አደመቅኳቸው፤ አሁን ፎቶው ዐይን የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ከመቁረጥ ልጀምር ወይስ ከቀለም?

መልስ፦ መጀመሪያ ይቁረጡት። ከዚያ በፊት ግን ፎቶው የማን እንደሆነ ይወስኑ፤ የአበባው ነው፣ የከብቶቹ ነው ወይስ የደመናው? የብርሃኑም የቀለሙም ሥራ ከዚህ ውሳኔ በኋላ የሚመጣ ነው።

ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው ብርሃን በበዛበት ቦታ ላይ ነው፤ ቀጥሎም ነጣ ያለና ጠቆር ያለ ነገር ጎን ለጎን በሚገናኙበት። ይህን ለማየት ፎቶውን በጋለሪ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል ያሳንሱት። ዝርዝሩ ሲጠፋ የብርሃኑ አቀማመጥ ብቻ ይቀራል። በገለጹልን ፎቶ ውስጥ ጎልቶ የሚወጣው አበባው ሳይሆን ደመናው ይመስለናል። አደይ አበባ የቱንም ያህል ቢጫ ቢሆን በብርሃን መጠን ከነጭ ደመና በታች ነው፤ ቀለሙን በመጨመር ብቻ ደመናውን አይበልጥም። ያለው አማራጭ ደመናውን ማሳነስ ነው፤ ወይ ቆርጦ፣ ወይ አጥቁሮ።

ፎቶው የአበባው ከሆነ አድማሱን ከፍ አድርገው ይቁረጡ። ሰማዩ ከፎቶው ቁመት አንድ አምስተኛውን ቢይዝ ይበቃዋል። የተራራው ጫፍ ከላይኛው ጠርዝ ጋር እንዳይነካካ ግን ትንሽ መተንፈሻ ይተዉለት። የደመናው ከሆነ ተቃራኒውን ያድርጉ፤ አበባው ከታች እንደ ቀጭን መቀነት ቢቀር አይጎዳም። የከብቶቹ ከሆነ ችግር አለ። በስልኩ ሰፊ ሌንስ የተነሱ ከብቶች በዚያ ሜዳ መሃል ነጠብጣብ ነው የሚሆኑት፤ ቆርጠው ሊያቀርቧቸው ሲሞክሩ ፒክስሉ (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያልቅብዎታል። እሱ በእርማት የሚስተካከል አይደለም፣ ጠጋ ብሎ ማንሳትን ይፈልጋል።

ፒክስልን ካነሳን አይቀር፣ 12 ሜጋፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ 4000 በ3000 ነው። ወደ 16 ለ 9 ሲቆረጥ 4000 በ2250 ይሆናል፤ ሩቡ ሄደ። ወደ ቋሚው 4 ለ 5 ሲቆረጥ 2400 በ3000 ይቀራል፤ 40 በመቶው ሄደ። ለሜዳ 16 ለ 9 ይስማማዋል፤ ባዶውን ሰማይና ባዶውን የፊት መሬት አስወግዶ ስፋቱን ያስቀራል። 4 ለ 5 ቆሞ የሚታይ ነገር ይፈልጋል፤ ብቸኛ ዛፍ፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ መንገድ፣ ሰው። በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ብቻ ሰፊ ሜዳን በቁመቱ መቁረጥ እኛ የማንስማማበት ልማድ ነው።

መቁረጥ ከብርሃን የሚቀድመው ለዚህ ነው፦ ነጩ ሰማይ ፎቶው ውስጥ እያለ ኤክስፖዠር (የፎቶውን አጠቃላይ ብርሃን) ቢያስተካክሉ፣ እሱን ለማዳን ሲሉ ሜዳውን ያጨልሙታል። ኋላ ሰማዩን ሲቆርጡት በእጅዎ የሚቀረው የጨለመው ሜዳ ነው። ከቆረጡ በኋላ ወደ ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ እንዲሆን የብርሃኑን ቀለም ማስተካከያ) ይሂዱ፤ ቀጥሎ ኤክስፖዠር፣ ከዚያ ሀይላይትና ሻዶው (ብሩሁና ጥላው ክፍል)፣ ከዚያ ኋይትና ብላክ (የነጩና የጥቁሩ ጫፍ)። የየቀለሙ ማስተካከያ ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ ማረሚያ) ከቀለም በኋላ፣ ሻርፕኒንግ (ጠርዞችን ማሳያ) የመጨረሻ። ዋይት ባላንስን ወደ መጨረሻ ቢያስተላልፉት ቀዩንና ሰማያዊውን ቻናል (ፎቶው ከተሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ንብርብሮች ሁለቱን) ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ደህና ነው ብለው የተዉትን ሀይላይት እንደገና ሊያቃጥለው ይችላል።

አደይ አበባ የራሱ ጣጣ አለው። በዲጂታል ፎቶ ውስጥ ቢጫ የሚባለው ቀይና አረንጓዴ ቻናሎች ከፍ ብለው ሰማያዊው ዝቅ ሲል ነው። ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ሲጨምሩ ቀዩ ቻናል ቀድሞ ጫፉ 255 ላይ ይደርስና ከዚያ በላይ መሄጃ ያጣል። ያን ጊዜ የአበባው ቅጠሎች መስመራቸው ይጠፋና ቀለም የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ስለዚህ ቢጫውን አይጨምሩ፤ ይቀንሱት። የቢጫውን ሳቹሬሽን ከ−10 እስከ −20፣ ሉሚናንሱን (የቀለሙን ብርሃን) −10 ያድርጉና መስመሮቹ መመለሳቸውን አጉልተው ይዩ። ቢጫው ጎልቶ እንዲወጣ የሚያደርገው የሣሩ መደብዘዝ ነው። የመስከረም ሣር በፎቶ ላይ እጅግ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚወጣ የአረንጓዴውን ሳቹሬሽን ወደ −25፣ ሂዩውን (የቀለሙን ዓይነት) ወደ ቢጫ በኩል −10 ቢወስዱት አበባው ምንም ሳይነካ ወደፊት ይመጣል።

በመጨረሻ አራቱን ማዕዘኖች ይፈትሹ። ግማሽ አካሏ የተቆረጠ ላም፣ ጥግ ላይ የቀረች ቁራጭ ነጭ ሰማይ፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ዐይንን ወደ ውጭ ይጎትታሉ። የሚቆረጠውን ይቁረጡ፤ የማይቆረጠውን በማስክ ግማሽ ስቶፕ (በኤክስፖዠር −0.5) ያህል ያጨልሙት።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ የገፈርሳን ውሃ ሳነሳ ውሃው ወደ አንድ ጎን የሚፈስ ይመስላል። በዳርቻው መስመር ላይ ተመርኩዤ ባቃናውም አልተስተካከለም።

መልስ፦ ዳርቻው ያሳስትዎታል። ከእርስዎ እየራቀ የሚሄድ የውሃ ዳርቻ በፎቶ ላይ ሰያፍ ሆኖ መታየቱ ትክክል ነው፤ አግድም ሊያደርጉት ሲሞክሩ ፎቶውን በሙሉ ያጋድሉታል። አስተማማኙ ምልክት ነጸብራቁ ነው። ውሃው ጸጥ ካለ የአንድ ዛፍ ጫፍና በውሃው ውስጥ ያለው የዚያው ጫፍ ምስል አንዱ በሌላው ትክክል በላይ መሆን አለባቸው። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ቀጥ እስኪል ያዙሩት። ይህን በፎቶው መሃል አካባቢ ባለ ዛፍ ያድርጉት፤ ጠርዝ ላይ ያሉት በሌንሱ ምክንያት ጋደል ሊሉ ይችላሉ።

ውሃ ባለበት ፎቶ አንድ ዲግሪ እንኳ ይታወቃል። ማዞር ደግሞ ዋጋ አለው፤ 4 ለ 3 የሆነ ፎቶ 2 ዲግሪ ሲዞር ቅርጹ እንዳለ እንዲቆይ ከፈለጉ ከጠቅላላ ፎቶው ወደ 9 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። ሌላው፣ ሰማዩ በውሃው ውስጥ ሲታይ ከራሱ ከሰማዩ ጠቆር ያለ ነው። ውሃውን ከሰማዩ አብልጠው ካበሩት ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ፎቶውን አያምነውም።

ጥያቄ (ከሽሮ ሜዳ)፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ከእንጦጦ ወደ ከተማው ሳነሳ ሁሉም ነገር ነጭ መጋረጃ የተጋረደበት ይመስላል። ጭጋግ የሚያሳሳውን ዲሄዝ ወደ +60 ሳደርሰው ሕንፃዎቹ ይወጣሉ፤ ሰማዩ ግን ይቆሽሻል፣ በባሕር ዛፎቹ ዙሪያም ነጭ መስመር ይመጣል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በመጀመሪያ መጋረጃው ከየት እንደመጣ እንይ። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው፤ ታኅሣሥ ላይ ቀትር እንኳ ከፍታዋ ከአድማሱ 58 ዲግሪ ገደማ ነው። ከእንጦጦ ወደ ከተማው ማንሳት ወደ ደቡብ ማንሳት ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ ብርሃኑ ዞረዋል ማለት ነው። በመካከል ያለው ጭስና አቧራ ከኋላው በርቶ ወደ ሌንስዎ ይመጣል። ጠዋት ላይ ይብሳል፤ በሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከታች ተኝቶ የማገዶውንና የመኪናውን ጭስ ይዞ ይቆያል።

ዲሄዝ የሚሠራው ኮንትራስቱ (የነጣውና የጠቆረው ልዩነት) በሳሳበት ቦታ ሁሉ ነው። ሕንፃዎቹን ሲያወጣ ሰማዩንም እንደ ጭጋግ ቆጥሮ ያጠቁረዋል፤ ሳቹሬሽኑን አብሮ ይጨምራል፤ በሰማዩ ውስጥ የተደበቀውን ኖይዝ (ጥቃቅን ነጠብጣብ) ያወጣል። ጥቁሩ ዛፍ ከነጩ ሰማይ ጋር በሚገናኝበት ደግሞ ያ የጠቀሱት ነጭ መስመር ይፈጠራል። በስናፕሲድ ዝርዝርን የሚያጎላውን ስትራክቸር አብዝቶ መጨመርም ያው መስመር አለው።

በጠቅላላው ፎቶ ላይ ዲሄዝን ከ+10 እስከ +15 ላይ ያቁሙት። ከዚያ በላይ ከፈለጉ ሕንፃዎቹ ባሉበት አግድም ንጣፍ ላይ ብቻ ማስክ ይሥሩ፤ ጠርዙን በጣም አለስልሰው ዲሄዝ +20፣ ሳቹሬሽን −10 ያድርጉበት። ሰማዩንና የቅርቡን ዛፍ አይንኩ።

ቁጥር ብቻ ግን መልስ አይሆንዎትም። እኛ ብንሆን ጭጋጉን ከማጥፋት ይልቅ እንዲሠራ እናደርገዋለን። በመልክዓ ምድር ፎቶ ውስጥ ርቀትን የሚያሳየው ይኸው ነው፤ የቅርቡ የባሕር ዛፍ ሸንተረር ጥቁር፣ ቀጣዩ ግራጫ፣ ከተማው ነጣ ያለ፣ ከማዶ ያለው የፉሪ ተራራ ደግሞ ከሰማዩ በጥቂቱ ብቻ የሚለይ። እነዚህን ደረጃዎች ካስጠበቁ ፎቶው ጥልቀት አለው። ሩቁንም ቅርቡንም እኩል ካጠቆሩት ሁሉም አንድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ይሆናል። ስለዚህ ብላክን አውርደው ጥቁር የሚያደርጉት የቅርቡን ሸንተረር ብቻ ነው፤ ከርቭ (የብርሃን ደረጃዎች መስመር) ላይ መሃሉን ትንሽ ወደ ታች ስበው የደረጃዎቹን ልዩነት ያስፉ። በሩቁ ተራራ ላይ ምንም ጥቁር ነጥብ አይኑር።

አቆራረጡም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ቀን ሰማዩ ነጭና ባዶ ስለሆነ አብዛኛውን ይቁረጡት፤ ከሩቁ ተራራ በላይ ቀጭን ንጣፍ ቢቀር ይበቃል። የቅርቡ ዛፍ ከፎቶው ሲሶ በላይ አይያዝ፤ ሥራው ጥቁር መነሻ መሆን ነው።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር እንጨምር። ከጥቁር ዛፍ ፊት ያለ የእንጨት ጭስ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ አቧራ ወደ ቡና ዓይነት ቢጫ ያደላል፤ የክረምት ጉም ነጭ ነው። ሦስቱንም በዋይት ባላንስ ወደ አንድ ግራጫ ካመጧቸው ወቅቱም ሰዓቱም ይጠፋል። የእንጦጦ ነጭ ባሕር ዛፍም ቅጠሉ፣ በተለይ ለጋው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ሁሉ የጥድ አረንጓዴ ይሁን የሚል ፕሪሴት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ማስተካከያ) እዚያ ላይ አይሠራም።

የጠራ እይታ ነው የምፈልገው ካሉ ደግሞ ኅዳርን ይተዉት፤ ከሰዓት ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ጠዋት ይውጡ። ዝናብ አየሩን የሚያጥበውን ያህል የትኛውም መተግበሪያ አያጥበውም።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ከእርሻው በስተጀርባ ኮንዶሚኒየሞቹ፣ ከላይ ደግሞ የመብራት ሽቦ አለ። ሽቦውን በሂሊንግ (ከጎን ወስዶ በሚሸፍነው ማጥፊያ) ላጥፋው? ሕንፃዎቹንስ?

መልስ፦ ሕንፃዎቹን ይተዉ። እርሻና ኮንዶሚኒየም አጥር ለአጥር የሚገናኙበት መልክ የዚያ አካባቢ እውነተኛ መልክ ነው፤ ሲያጠፏቸው የትም ሊሆን የሚችል እርሻ ይቀርዎታል። የእኛ መለኪያ ቀላል ነው፤ ነገ ነፋስ የሚወስደውን፣ ለምሳሌ ፌስታልን፣ እንዲሁም ሌንስ ላይ ያለ የአቧራ ነጥብን ማጥፋት ይቻላል። መሬት ላይ የተተከለውን አይንኩ። ለዜና ወይም ለውድድር የሚላክ ከሆነ ፌስታሉንም አይንኩ፤ ብዙ ውድድሮች ዋናውን ፋይል ይጠይቃሉ።

ለቤትዎ ግድግዳ ከሆነና ሽቦው ካስጨነቀዎ አጫጭር ቁራጭ እያደረጉ ይሥሩ። ሽቦውን የሚሸፍነው ናሙና የሚወሰደው ከዚያው ከፍታ ካለ ሰማይ ይሁን፤ ሰማይ ከአድማሱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠቆረ ስለሚሄድ ከላይ የተወሰደ ናሙና እንደ ጥፍጥፍ ይታወቃል። ሽቦው በቅጠል መካከል ሲያልፍ እዚያ ያቁሙ፤ ቅጠል ውስጥ ሂሊንግ ተደጋጋሚ ቅርጽ ይፈጥራል። ሽቦውን አጥፍቶ ምሰሶውን ማስቀረትም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሽቦ የሌለው ምሰሶ ከሽቦው ይልቅ ያስታውቃል።

ብዙ ጊዜ መቁረጥ ብቻ ይበቃል። ጠርዙን በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያሳርፉት፤ ጠርዝ ላይ የቆመ ምሰሶ ፎቶውን የዘጋ አጥር ይሆናል። ሕንፃዎቹ ወደ ኋላ የወደቁ ከመሰሉ በጂኦሜትሪ ውስጥ ቨርቲካልን (የቁም መስመር ማቃኛውን) ይንኩ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አያቁሟቸው። ፍጹም ቀጥ ያለ ረጅም ሕንፃ በፎቶ ላይ ከላይ የሰፋ ስለሚመስል ትንሽ ዝንባሌ ማስቀረት ይሻላል። የምሽት ፀሐይ ያረፈበት የሕንፃ ግድግዳ ከእርሻው አብልጦ ስለሚበራ በማስክ ግማሽ ስቶፕ ይቀንሱት። እርሻው ቀድሞ እንዲታይ የሚያደርገው ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከሰንዳፋ)፦ የደረሰ ጤፍ በምሽት ፀሐይ አንስቼ የገዛሁትን «ወርቃማ» ፕሪሴት ስጭንበት ሰማዩ ወደ አረንጓዴ፣ የአጫጆቹ ፊት ወደ ብርቱካን ሄደ። ያለ ፕሪሴት ደግሞ ደብዛዛ ነው።

መልስ፦ ፕሪሴቱ ለሌላ ብርሃን የተሠራ ነው። ቢጫና ብርቱካኑን ወደ አንድ ይሰበስባል፣ ሰማያዊውን ወደ ውሃ ሰማያዊ ይገፋል። የእኛ ፊትና የእኛ ቀይ አፈር ከብርቱካኑ ክልል ውስጥ ስለሚወድቁ ከጤፉ ጋር አብረው ይነዳሉ። ሊያስቀሩት ከፈለጉ መጠኑን ወደ 40 በመቶ ዝቅ ያድርጉት፤ የሰማያዊውን ሂዩ ወደ 0 ይመልሱ፤ ፊቶቹን በማስክ ለይተው የሳቹሬሽን ጭማሪውን ይቀንሱላቸው።

ያለ ፕሪሴት የደበዘዘበት ምክንያት ግን አውቶ ዋይት ባላንስ ይመስለናል። ካሜራው የምሽቱን ቢጫ ብርሃን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ወደ ነጭ ይመልሰዋል። በራው (ካሜራው ሳያርመው በሚያስቀምጠው ፋይል) ካነሱ ቴምፐሬቸሩን (የብርሃኑን ቀለም መለኪያ) ራስዎ ወደ 5500 ኬልቪን ያምጡት፤ ይህ የቀን ፀሐይ ቁጥር ስለሆነ የምሽቱ ወርቅ እንዳለ ይቀራል። በጣም ከበዛ 5000 ይሞክሩ። ለማነጻጸር ያህል፣ ለደመናማ ቀን ከ6000 እስከ 6500፣ ለጥላ ከ7000 እስከ 7500 ይሰጣል። በጄፔግ (በተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል) የተነሳ ከሆነ በኬልቪን ሳይሆን በ−100 እና በ+100 መካከል ነው የሚሠሩት፤ ከ+15 በላይ ሲሄዱ ጥላዎቹም ስለሚቢጡ እዚያ ይጠንቀቁ።

ጤፍ ሁሉ ወርቅ እንዳልሆነም ያስታውሱ። እንደ ዝርያው ዛላው ገርጣ ያለ ገለባማ፣ ቀላ ያለ፣ አንዳንዱም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ይሆናል። የቀላውን ማሳ በግድ ቢጫ ሲያደርጉት የስንዴ ማሳ ይመስላል፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ ወዲያው ይለየዋል።

ሰዓቱም አጭር ነው። ከምድር ወገብ ስለማንርቅ ፀሐይ ወደ ማታ በቁሟ ነው የምትወርደው፤ ከአድማሱ 6 ዲግሪ ላይ ሆና እስክትነካው 25 ደቂቃ ገደማ ብቻ አለ። በኅዳር ይህ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ የሚጀምር ነው። የፀሐይ ብርሃን ለሰዓታት ሰያፍ ሆኖ ከሚቆይበት አገር የመጡ የእርማት ትምህርቶች ይህን አያውቁትም። በ10 ሰዓት የተነሳ ፎቶ ጥላው አጭርና ብርሃኑ ነጭ ነው፤ ቢጫ ሲቀቡት ጥላው ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለውን ነጣ እንዳለ ያርሙት፤ ኮንትራስቱን −15፣ ሀይላይቱን −40 አድርገው የክምሩንና የነዶውን ቅርጽ ያውጡ።

ሰማዩ ላይም እጅዎን ይሰብስቡ። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ከላያችን ያለው አየር ስስ ነው፤ ሰማዩ ከመነሻው ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የሰማያዊውን ሉሚናንስ ከ−15 በታች ካወረዱት አናቱ ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ በጄፔግ ደግሞ መደዳ መደዳ መስመር ይፈጥራል።

ጥያቄ (ከአለም ባንክ)፦ ፀሐይ ከወጨጫ ጀርባ ስትገባ አነሳለሁ። ሰማዩ ጥሩ ነው፣ መሬቱ ጥቁር ነው። ሻዶው +100 ሳደርግ ይጎረብጣል።

መልስ፦ ጄፔግ በየቻናሉ 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ ከእነዚያ ውስጥ ለጨለማው ክፍል የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ሲዘረጉ ይሰነጠቃሉ። ባለ 12 ቢት ራው 4096 ደረጃ ስላለው የተሻለ ይሸከማል፤ እሱም ቢሆን ተአምር አይሠራም።

ግን ጥያቄው ለምን መሬቱን ያበሩታል የሚለው ነው። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ከገባች በኋላ መሬቱን የሚያበራው ሰማዩ ነው፤ የበራው ደግሞ ካበራው ሊበልጥ አይችልም። ሻዶውን ከ+20 እስከ +30፣ በታችኛው ክፍል ላይ በሚወርድ ማስክ ኤክስፖዠር +0.5 ይስጡትና ያቁሙ። መንገዱና የጣሪያዎቹ ጠርዝ በጨለማው ውስጥ በጭላንጭል ከታዩ ይበቃል። ወጨጫ ራሱ ጥቁር ቅርጽ ሆኖ ይቅር፤ ሸንተረሩ ንጹሕ መስመር ስለሆነ ዝርዝር አያስፈልገውም። ሲያነሱም ለሰማዩ ይለኩ፤ ስክሪኑ ላይ ሰማዩን ነክተው ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ የክረምት ፎቶዎቼ ሁሉ ደብዛዛ ናቸው፤ ጥቁር መሬት፣ ግራጫ ሰማይ። ጥቁርና ነጭ ባደርጋቸውስ?

መልስ፦ ያድርጉ፤ ይህ ወቅት ለዚያ ጥሩ ነው። የታረሰ መረሬ መሬት፣ በትልሙ ውስጥ የተኛ ውሃ፣ የከበደ ደመና በቅርጽና በብርሃን የቆሙ ናቸው፤ ቀለም ሲወጣባቸው የሚያጡት ነገር ትንሽ ነው። የአደይ አበባውን ሜዳ ግን እንዲህ አያድርጉት፤ ቢጫውና አረንጓዴው ተቀራራቢ ግራጫ ሆነው ይቀላቀላሉ።

አንሴል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1940 ገደማ ያወጡት የዞን ሥርዓት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከ0 ፍጹም ጥቁር እስከ 10 ፍጹም ነጭ 11 ደረጃ አለው፤ 5 መካከለኛው ግራጫ ነው። እርጥቡን መረሬ 3 ላይ ያስቀምጡት፤ ጥቁር ነው፣ ግን ጓሉ ይታያል። የደመናው ብሩህ ጠርዝ 7 ወይም 8 ላይ ይሁን። በትልሙ ውስጥ ሰማዩን የሚያሳየው ውሃ ከደመናው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በመሬቱ ላይ ዐይን የሚከተለው መስመር ይሆናል፤ አቆራረጡም ይህ መስመር ከታችኛው ጥግ እንዲገባ ተደርጎ ይወሰን። ከደመናው ጀርባ ሰማያዊ ከሌለ የሰማያዊውን ማንሸራተቻ ማውረድ ለውጥ አያመጣም፤ ደመናውን በማስክ፣ ቅርጽን በሚያጎላው ክላሪቲ +15 ያህል ይሥሩት።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ በቴሌግራም ስልከው ይበላሻል።

መልስ፦ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፣ ይጨመቃል።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ፎቶ ቤት ሳሳትመው ከስልኬ ይልቅ ጨለማ ሆኖ ይወጣል፤ ጎኑም ተቆርጦ ነው የሚመጣው።

መልስ፦ ስክሪን ከራሱ ያበራል፤ ወረቀት የክፍሉን ብርሃን መልሶ ነው የሚታየው። የስክሪኑን ብርሃን ጫፍ ላይ አድርገው ካረሙ ፎቶውን ሳያውቁት ያጨልሙታል። አውቶማቲክ ብርሃኑን አጥፍተው ግማሽ ላይ አድርገው ያርሙ፤ ለኅትመት ደግሞ የተለየ ቅጂ ሠርተው ኤክስፖዠሩን +0.3፣ ሻዶውን +10 ይስጡት። ሲያወጡት የቀለም ክልሉ ኤስአርጂቢ (sRGB) ይሁን።

የተቆረጠው በቅርጹ ምክንያት ነው። የስልክ ፎቶ 4 ለ 3 ነው፤ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ደግሞ 2 ለ 3። ፎቶ ቤቱ እንዲቆርጥልዎ አይተዉት፤ ራስዎ ወደ 2 ለ 3 ቆርጠው ይስጡ፤ ከጠርዙም ጥቂት ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ እንደሚሄድ ይቁጠሩ። ለዚህ መጠን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተም ነጥብ) 2362 በ3543 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከርቀት የሚታይ ከሆነ በ200 ዲፒአይ 1575 በ2362 ቢሆንም ያስኬዳል። ከትልቁ በፊት በዚያው ፎቶ ቤት አንድ 10 በ15 አሳትመው በመስኮት ብርሃን ይዩት፤ ጥላው ከደፈነ ሻዶውን 10 ይጨምሩና ትልቁን ይዘዙ።